ጭንቀት፣ የበሽታ መከላከል ኃይልና የእርዳታ ሥራ

(በኮልፌ ቀራንዮ ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ሁለተኛ ደረጃን ከማጠናቀቅ አላለፈም። የሥራ ድርሻዬ የመንግሥትን መልእክት ለሕዝብ፣ የሕዝብንም ጥያቄ ለመንግሥት ማድረስ ነው። ይህም ሆኖ ስለ በሽታና ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት ኃይል እንድናገር የገፋፋኝ በሥራዬ ላይ የፈጸምኩት አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱንም ተራው ሲደርስ ሳልደብቅ እገልጸዋለሁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።

እንደሚታወቀው፣ በድርቅ ወይም በሌላ አደጋ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን ሲደርስብን በመጀመሪያ የምንቆጥረው የእህሉን ኩንታል፣ የውሃውን ቦቴ፣ ድንኳኑንና ብርድ ልብሱን ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የተራበ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምግብ ነውና። ነገር ግን በሪፖርት ቅጻችን ውስጥ ዓምድ ያልተሰጠው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም የተፈናቃዩ አእምሮ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። ሰውየው ተኝቶ ያድራልን? ነገ ምን እንደሚሆን ያውቃልን? ከማን ጋር ነው የሚያዝነው? እነዚህ ጥያቄዎች ለብዙ ጊዜ እንደ ርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ሲታዩ ቆይተዋል። ዛሬ ግን የጤና ጥበቃ ጥያቄዎች መሆናቸው በምርምር የተረጋገጠ ነው።

የተሰበሰብንበት ኮልፌ ለዚህ ርእስ እንግዳ አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በአጠገቡ ተመሥርቷል። ኢንስቲትዩቱ ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ከምርምር ሥራዎቹም ዋነኛው የሰው ሰውነት ይህን ተሕዋስ እንዴት እንደሚከላከል ማጥናት ነበር።

የሥጋ ደዌ በዚህ ረገድ ታላቅ አስተማሪ ነው። ከ100 ሰዎች 95ቱ ያህል ተሕዋሱ ቢደርስባቸው እንኳ በተፈጥሮ የመከላከል ኃይላቸው ያሸንፉታል። ከቀሩትም ውስጥ የመከላከል ኃይሉ ጠንከር ባለው ሰው ላይ በሽታው በጥቂት የቆዳ ምልክቶች ተወስኖ ሲቀር፣ ኃይሉ በደከመው ሰው ላይ ግን በመላ ሰውነቱ ይሠራጫል። ተሕዋሱ አንድ ሆኖ ሳለ የበሽታው መልክ የሚለያየው ከባለቤቱ ሰውነት የተነሣ ነው። ከዚህም የምንረዳው በሽታ ማለት የተሕዋስ መግባት ብቻ ሳይሆን፣ በሚገባው ተሕዋስና በሚቀበለው ሰውነት መካከል የሚደረግ ትግል መሆኑን ነው።

በሕክምና ላይ ያሉ አንዳንድ ሕሙማን ደግሞ በድንገት ቁስላቸው ይቆጣል፣ ነርቮቻቸው ያብጣሉ። ሐኪሞች ይህን ሪአክሽን ይሉታል። የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ ተቆጥቶ የገዛ ነርቩን ሲጎዳ የሚታይ ነው። ይህን ከሚቀሰቅሱት መካከልም ወሊድ፣ ሌላ ተጨማሪ በሽታና ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚገኙበት በሕክምናው ዓለም ይነገራል። ሪአክሽኑን ለማብረድ የሚሰጠው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ይህ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ የሚያቀዘቅዝ ሲሆን፣ የተሠራውም ሰውነታችን በጭንቀት ጊዜ ራሱ በሚያመነጨው ኮርቲሶል በተባለው ሆርሞን አምሳያ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሐኪሙ የመከላከያን ኃይል ለመግታት በፍሬ ቆጥሮ የሚሰጠውን መድኃኒት የሚመስል ነገር፣ የተጨነቀ ሰው ሰውነት ማንም ሳያዝለት ከውስጥ ያመነጫል ማለት ነው።

የአሠራሩም ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። አንድ ገበሬ በምሽት መንገድ ላይ ጅብ ቢገጥመው ልቡ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ጡንቻው ይወጠራል። አእምሮ የአደጋውን ምልክት ሲያስተላልፍ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ሕይወት አዳኝ ነው። ጅቡ ሲሄድ ሰውነትም ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። የተፈናቃይ ጅብ ግን የሚሄድ አይደለም። ዝናቡ ቀርቷል፣ በሬው ሞቷል፣ ልጅ ታሟል፣ ነገም አይታወቅም። ሳምንታትና ወራት የሚቆይ ጭንቀት በሽታን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት አሠራር ያውካል። መከላከያው ዕረፍት እንዳጣ ዘብ ይሆናል። አንድም ደክሞ ጠላትን ያሳልፋል፣ አንድም ያለ ትእዛዝ ተኩሶ የራሱን ወገን ያቆስላል።

ይህ እንዲሁ በግምት የተነገረ አይደለም። ሐንስ ሴልየ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ባወጣው ጽሑፍ በልዩ ልዩ መንገድ በተሠቃዩ አይጦች ላይ አድሬናል ዕጢ ሲያብጥ፣ ለመከላከያ ሕዋሳት ማደጊያ የሆነው ታይመስ የተባለ ዕጢ ሲኮማተርና ጨጓራ ሲቆስል ማየቱን ገልጿል። በ1975 ሮበርት ኤደርና ኒኮላስ ኮኸን በአሜሪካ አገር አይጦችን ጣፋጭ ውሃ እያጠጡ መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት ሰጧቸው። በኋላም መድኃኒቱን ትተው ጣፋጩን ውሃ ብቻ ሲሰጧቸው የአይጦቹ መከላከያ ደከመ። አእምሮ የተማረውን ነገር ደም እንደሚሰማው በዚህ ታወቀ። በ1977 ደግሞ በአውስትራሊያ የትዳር ጓደኞቻቸው በሞቱባቸው 26 ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ከሐዘኑ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊምፎሳይት የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ሥራ ቀንሶ ተገኝቷል።

በ1991 የታተመው የሼልደን ኮኸንና የባልደረቦቹ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። በእንግሊዝ አገር 394 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተጨመረላቸው። ከዚያ በፊት የጭንቀታቸው መጠን ተለክቶ ነበር። ጭንቀታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ውስጥ በጉንፋን የታመሙት 27 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ጭንቀታቸው ከፍተኛ ከሆኑት ውስጥ ግን 47 ከመቶ ያህል ታመዋል። ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿም በ1995 ባወጡት ጥናት፣ አእምሮው የሳተ ዘመድ በማስታመም የተጨነቁ 13 ሴቶችንና ሌሎች 13 ሴቶችን አነጻጽረው፣ በክንዳቸው ላይ የተደረገ እኩል መጠን ያለው ትንሽ ቁስል በአስታማሚዎቹ ላይ ለመዳን ዘጠኝ ቀናት ያህል ዘግይቷል ብለዋል። እንዲሁም አስታማሚዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወስዱ ሰውነታቸው የሚሰጠው መልስ ከሌሎች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

የእኛም ሕዝብ ይህን ነገር በከፊል ያውቀዋል። ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የወጣበትን ሰው «ምች መታው» ብለን ዳማከሴ እንፈልግለታለን። ይህን መሰሉን ቁስል የሚያመጣው ብዙ ጊዜ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። ከተደበቀበት የሚያስወጡትም የፀሐይ ሐሩር፣ ትኩሳት፣ ድካምና ጭንቀት ናቸው።

ሆኖም የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣ ከዚህ ተነሥተን ሁሉንም ነገር በአእምሮ ላይ ማሳበብ ከባድ ስሕተት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በኮረም የተሰበሰበውን ወገን የጨረሰው ጭንቀት አልነበረም። ረኃብ፣ ብርድ፣ መጨናነቅ፣ ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦና ግርሻ፣ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ነበሩ። ረኃብ ራሱ የመከላከያን ኃይል ከሁሉ ይበልጥ የሚሰብር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በተጓዘ ጊዜም፣ ደጋ ያደገው ሰው በቆላ ወባ የወደቀው ሰውነቱ ወባን ለምዶ ስላላደገ ነው። ይህን በምክርና በማጽናናት ማዳን አይቻልም። አጎበርና መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ነገር ግን የዚያን ጊዜው የሠፈራ ሥራ በጥድፊያ የተከናወነ፣ ብዙዎችም ያለ ፈቃዳቸው የሄዱበት፣ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። ሰውየው ወባ በሚጠብቀው ቆላ የደረሰው በረኃብ ተዳክሞ ብቻ ሳይሆን፣ ዘመዱ የት እንደ ገባ ሳያውቅና ዕንቅልፍ አጥቶ ነው። የሥጋው በሽታ ሌላ፣ የመንፈሱ ሐዘን ሌላ ብለን በሁለት መዝገብ ብንጽፋቸውም የተሸከማቸው አንድ ሰውነት ነው። ስለሆነም «በጭንቀትህ ነው የታመምከው» ብሎ ሕመምተኛውን መውቀስ ነውር የመሆኑን ያህል፣ ጭንቀቱን ምንም እንዳልሆነ መቁጠርም ጉድለት ነው።

ጉዳቱም በተጨነቀው ሰው ብቻ አይወሰንም። በቡታጅራ አካባቢ በእርጉዝ እናቶችና በሕፃናቶቻቸው ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከወሊድ በፊትም በኋላም የመንፈስ ጭንቀት ያልለቀቃቸው እናቶች ልጆች በተቅማጥ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ጉዳዩ የመከላከያ ሕዋሳት ብቻ አይደለም። የተጨነቀች እናት ጡት ለማጥባት፣ ውሃ ለማፍላት፣ ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ጉልበት ታጣለች። ጭንቀት ወደ ሕዝብ ጤና የሚገባው በደም ውስጥ ብቻ ሳይሆን በእጅም፣ በእግርም በኩል ነው ማለት ይቻላል።

በዚሁ በኮልፌ የደረሰውንም ማስታወስ ይገባል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታውጆ ነበር። ከአደጋው የተረፈው ሰው ቤቱንና ቤተሰቡን በአንድ ምሽት ያጣ ነው። አስከሬን እስኪወጣ በጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ቀናት የጠበቀ ሰው ሰውነቱ ላይ የወረደውን ሸክም የሚለካ ሚዛን በመጋዘናችን የለም። እንዲህ ባለው ጊዜ ድንኳን ጥሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ከለቀስተኛው አጠገብ የሚቀመጠው እድር የሚሠራው ሥራ ወግ ማድረስ ብቻ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ወገን ያለው ሰው ጭንቀትን የመቋቋም አቅሙ ከብቸኛው እንደሚበልጥ ሳይንሱም ይመሰክራል።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ።

በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ በሆነበት ጊዜ፣ እኔ በአንድ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ የማስታወቂያ ሥራ እሠራ ነበር። እህል የጫኑት መኪናዎች ኀሙስ እንደሚደርሱ ተነገረኝና በድምፅ ማጉያ አስታወቅሁ። አልደረሱም። ሰኞ ይደርሳሉ ተባለ፤ ሰኞንም አስታወቅሁ። ሰኞም ቀረ። ከዚያ በኋላ ኀፍረት ይዞኝ ዝም አልኩ። ከበላይ አዲስ መመሪያ እስኪመጣ ድምፅ ማጉያውን ቆልፌ የስም ዝርዝር ስጽፍ ሰነበትኩ።

ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ወንዶቹ መኪና ይመጣል ብለው መንገድ ዳር ማደር ጀመሩ። እኔ የምጽፈው ዝርዝር ወደ ሩቅ አገር ተጭነው የሚሄዱ ሰዎች ስም ነው የሚል ወሬ ተነሣ። የ1977ቱን ሠፈራ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ወሬው ሥር ለመስደድ ጊዜ አልፈጀበትም። በዚያው ሳምንት የኩፍኝ ክትባት የሚሰጡ የጤና ሠራተኞች መጡ። እነርሱም ዝርዝር ይዘው ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ነርሷ የክትባት ሣጥኗን ከፊቷ አድርጋ ባዶ ዳስ ውስጥ ተቀመጠች።

በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ አዛውንት ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ረኃቡንስ እናውቀዋለን፤ አብሮን ያደገ ነው። እኛ የማናውቀው አንተ የያዝከውን ወረቀት ነው» አሉኝ።

«አባቴ፣ መኪናው መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም እኮ» ብዬ መለስኩላቸው።

«ታዲያ አላውቅም ብለህ ብትነግረን ምን አለበት? ይህን ሰምተን እንተኛ ነበር።»

በማግስቱ ማለዳ ዝርዝሩን ይዤ ወጣሁና ስሞቹን ከነምክንያታቸው ጮክ ብዬ አነበብኩ። መኪናው የሚደርስበትን ቀን እንደማላውቅ፣ ነገር ግን በየማለዳው በሦስት ሰዓት በዚያው ዛፍ ሥር ቆሜ የማውቀውንና የማላውቀውን እንደምናገር ቃል ገባሁ። እህሉ ያን ቀን አልመጣም። ሕፃናቱ ግን መጡ። ከቀናት በኋላ በኩፍኝ የታመመ ልጅ መኖሩን ሰማሁ። በሽታው የያዘው ከዚያ በፊት ይሁን ሳይከተብ በዋለባቸው በእነዚያ ሁለት ቀናት አልታወቀም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

ብዙ ቆይቶ ጄይ ዋይስ የተባለ ተመራማሪ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን ሙከራ የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩ። እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ከሚደርስባቸው አይጦች መካከል አስቀድሞ የድምፅ ምልክት የሚሰጣቸው አይጦች ጨጓራቸው የቆሰለው በጥቂቱ ሲሆን፣ ንዝረቱ መቼ እንደሚመጣ የማያውቁት ግን ክፉኛ ቆስለዋል። ንዝረቱን በራሳቸው ጥረት ማስቆም የሚችሉትም እንዲሁ ከማይችሉት የተሻሉ ነበሩ። ሥቃዩ እኩል ነበር። ልዩነቱ ማወቅና መቻል ነው። አዛውንቱ ይህን ሙከራ ሳያነቡ ነግረውኛል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው የአባቶች ብሂልም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ለእናንተ ለሥራ ባልደረቦቼ የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ፣ ሰው በሚረዳው ቋንቋ መግለጫ ይሰጥ። የሚነገር አዲስ ነገር በሌለበትም ቀን «አዲስ ነገር የለም» ይባል። የማይታወቅ ቀን አይነገር፤ የተነገረውም ከቀረ ምክንያቱ በዚያው ዕለት ይገለጽ።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብና ጎረቤት አይለያይ። ድንኳን ሲደለደል በመጣበት መንደር ይሁን። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የጸሎት ቦታው እንደገና እንዲቆም ስፍራ ይሰጠው። ለሞተው መቀበሪያ፣ ለአዘነውም መቀመጫ ይዘጋጅ።

ሦስተኛ፣ ተፈናቃዩ በራሱ ጉዳይ ላይ እጁ ይግባ። እህሉን በሚያከፋፍለው፣ የውሃውን ተራ በሚጠብቀው ኮሚቴ ውስጥ ወንዱም ሴቷም ይመረጡ። መልሶ መቋቋም ወይም ሠፈራ ሲታሰብም አስቀድሞ ቦታውን አይቶ የሚመለስ ተወካይ ይላክ፤ እምቢ ማለትም ይፈቀድ።

አራተኛ፣ የዕንቅልፍ ነገር ይታሰብበት። ዘብ፣ የማታ መብራት፣ ለሴቶች ብቻ የሆነና የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ቅንጦት አይደሉም። እናት ሳትሰጋ የምታድርበት ሌሊት ለሕፃኑም ጤና ነው።

አምስተኛ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። አብዛኛው ሰው ምግብ፣ ጸጥታና ወገን ሲያገኝ ይጽናናል። ነገር ግን መብላትና መናገር የተወ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ፣ ወይም ቀድሞ በአእምሮ ሕክምና ላይ የነበረና መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ሲገኝ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና በእርዳታ ማኅበራት ስምምነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣው መመሪያም የመንፈስ ድጋፍ ከምግቡ፣ ከውሃውና ከመጠለያው ሥራ ጋር ተያይዞ እንዲሰጥ ያዛል እንጂ ለብቻው የቆመ ሥራ አላደረገውም።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን። እኛም ሥጋ ለባሾች ነን። ወራት ሙሉ የሰው ሥቃይ ሲያይ የሰነበተ ሠራተኛ ዕረፍትና የሚያነጋግረው ባልደረባ ይፈልጋል። የደከመ ሠራተኛ ክፉ ቃል ይወጣዋል፤ ክፉ ቃል ደግሞ በተጎዳው ሕዝብ ላይ ሌላ ሸክም ነው።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ከወደብ ተነሥቶ ከድርቅ ቦታ እስኪደርስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን ይፈጃል። «ይህን አውቃለሁ፤ ይህን አላውቅም» የሚለው ቃል ግን መኪና አይጠይቅም፣ ነዳጅም አያስፈልገውም። እህሉን እስክናደርስ ድረስ ይህን ቃል ልንነፍጋቸው አይገባም። ነገ ማለዳ ወደየጣቢያችን ስንመለስ ሕዝቡ ዛሬ ምን እንዲያውቅ ይገባል ብለን ከጠየቅን፣ የዛሬው ስብሰባችን ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።